ግብረ ገብ፣ ሥነ ዜጋ ወይስ "ሁሉም በየቤቱ"? ለልጆቻችን ትምህርት ቤት የቱ ይሻላል

አምና የልጄ ትምህርት ቤት ወተመህ ውስጥ ተመረጥኩ፣ ለማታውቁት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ማለት ነው፣ የተመረጥኩትም ያው በስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል በሚለው ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የ3ኛ ክፍል የግብረ ገብ ቴስት ነው። ጥያቄ ቁጥር 4 "ጥሩ ልጅ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?" ይላል። ልጅቷ "ቢስሚላህ ብላ ፊቷን ትታጠባለች" ብላ ጽፋለች፣ ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። የተፈለገው መልስ "አማትቦ ይጸልያል" ነበር። እናትየዋ አልጮኸችም። "ልጄ ጥሩ ልጅ አይደለችም ማለት ነው ወይስ ጥያቄው ነው የተሳሳተው?" ብላ ቁጭ አለች።

ከዛ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አንዱ ሃይማኖት የሚባል ነገር ከክፍል ጨርሶ ይውጣ አለ፣ ሌላው ያለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ደሞ ምን ግብረ ገብ አለ አለ፣ ሦስተኛው መንግሥት የላከውን መጽሐፍ ማስተማር ነው በቃ አለ፣ አንድ አባት ደግሞ እኔ ልጄን አወጣለሁ የኔን እምነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት እወስደዋለሁ አሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጭቀን መጨረሻ ላይ "አንተ ማንበብ ትወዳለህ፣ አማራጮቹን አወዳድረህ አምጣ" ተባልኩ። ያመጣሁት ይሄው ነው፣ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ላይ ያላችሁም ብትጠቀሙበት ብዬ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ በምን እንመዝን

የኛ ስብሰባ የተበላሸው ሁሉም ሰው መልሱን ይዞ ስለመጣ ነው፣ መመዘኛውን የያዘ ሰው አልነበረም። እኔ አራት ነገር ይዣለሁ።

አንደኛው "ጥያቄ ቁጥር 4" ብዬዋለሁ። የየትኛውም ቤት ልጅ፣ የሙስሊም የኦርቶዶክስ የጴንጤ የዋቄፈታ ወይም ምንም የማያምን ሰው ልጅ፣ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ቤተሰቡን የሚያሳፍር ቀይ ኤክስ ይኖርበታል ወይ? ሁለተኛ፣ ልጁ መብቱን አውቆ ይወጣል ወይ? ይሄ መንግሥት እንዳይበድለው ብቻ ሳይሆን ሲያድግ ከቤተሰቡ የተለየ ሐሳብ መያዝ እንደሚችልም ማወቁን ይጨምራል። ሦስተኛ፣ መንግሥት ሲቀየር መጽሐፉ አብሮ ይቃጠላል ወይስ ይተርፋል? አራተኛ፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እና 60 ልጅ ያለበት ክፍል ይዞ ደሞዙ የማያደርሰው አስተማሪ ይችለዋል ወይ? ገንዘቡም ያለው እዚህ ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ትምህርት ውዱ ነገር መጽሐፉ ሳይሆን አስተማሪው ነው።

እንደ ወለል የሚያዝ ደግሞ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽእኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው፣ የኛ ስብሰባ ጭቅጭቅ በሙሉ እዛ ውስጥ አለ።

1. ግብረ ገብ

በጃንሆይ ጊዜ የተማሩ ሰዎች ስለ ግብረ ገብ ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል፣ "ያኔ ልጅ ልጅ ነበር" ይላሉ። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር ለትንንሾቹ ክፍሎች ተመልሷል። አትዋሽ፣ አትስረቅ፣ ታላቅህን አክብር፣ የተቸገረ እርዳ፣ እዚህ ላይ የሚጣላ ቤት የለም፣ ለ7 ዓመት ልጅም ስለ ሕገ መንግሥት ከማውራት ይሄ ይሻላል።

ችግሩ ልጁ "ለምን?" ሲል ይጀምራል። ለምን አልዋሽም? አስተማሪዋ መልሱን ከራሷ ቤት ነው የምታመጣው፣ ሌላ ከየት ታምጣ። ጥያቄ ቁጥር 4 የተወለደው በክፋት አይመስለኝም፣ አስተማሪዋ "ጥሩ ልጅ" ስትል ፊቷ ላይ የመጣላት የራሷ ልጅ ነው። በጃንሆይ ዘመንም ያው ነበር፣ "ሃይማኖት የግል ነው ሀገር የጋራ ነው" የሚለው አባባል ሁሌ የሚጠቀሰው በሳቸው ስም ነው፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። አባባሉ ጥሩ፣ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ።

2. መንግሥት የዘረዘረው እሴት

እኔ የዚህ ምርት ነኝ። በኢሕአዴግ ጊዜ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የተማረ ሁሉ 11ዱን እሴቶች ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይላቸዋል፣ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት እያለ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት ድረስ። በየዓመቱ እነዛው 11 ምዕራፎች፣ መጽሐፉ ብቻ ወፍራም ይሆናል። 9ኛ ክፍል ሆኜ "ኃላፊነት" የሚለው ምዕራፍ ቴስት ላይ ከጎኔ ካለው ልጅ ስኮርጅ ተይዤ አውቃለሁ፣ እሱም ከፊቱ ካለችው እየኮረጀ ነበር። ይሄን የምለው ዝርዝሩ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፣ እንደውም ከ11ዱ አብዛኞቹ ላይ ማንም አይከራከርም። ነገሩ እሴት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሲሸመደድ ምላስ ላይ ይቀራል። እና ደግሞ ከዝርዝሩ ጋር የገዢው ፓርቲ ቋንቋ ተጣብቆ ይመጣል። ደርግ በፖለቲካ ትምህርት ማርክሲዝም ሌኒንዝምን አስተማረ፣ በ1983 ሲሄድ መጽሐፉም አብሮት ሄደ፣ ሦስተኛው መመዘኛዬ ላይ ይሄ አማራጭ ዜሮ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች "መሠረታዊ የብሪታኒያ እሴቶች" የሚሏቸውን፣ ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ የግለሰብ ነፃነት፣ መከባበርና መቻቻል፣ እንዲያስተምሩ ታደርጋለች፣ ብዙ ሙስሊም ወላጆች ዝርዝሩን ጠልተውት ሳይሆን "የብሪታኒያ" የሚለው ቃል እኛን ለመጠርጠር ነው የመጣው ብለው ተከፉ። ፈረንሳይ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሒጃብም ኪፓም (የአይሁዶች ቆብ) ትልቅ መስቀልም በመንግሥት ትምህርት ቤት ከለከለች፣ የጋራ ቦታ የሚሠራው ልዩነትን በር ላይ በማስቀመጥ ነው የሚል እምነት ነው። እኛጋም በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሒጃብ የሚለብሱ ተማሪዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፣ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በኦሮሚያ ባንዲራና መዝሙር ምክንያት ትምህርት ቤቶች ታምሰዋል። መንግሥት ዝርዝር ሲያወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የማን መንግሥት፣ የማን መዝሙር" ነው። አሜሪካ ውስጥ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ መገደድ የለባቸውም ተብሎ የተፈረደው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም በዓለም ጦርነቱ መሃል፣ ያውም ያው ፍርድ ቤት ከ3 ዓመት በፊት ተቃራኒውን ፈርዶ።

ይህ አማራጭ ጥያቄ ቁጥር 4ን ቢያርመው መልሱ "ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ መዝሙር ይዘምራል" ይሆን ነበር።

3. ሙሉ ሊበራሊዝም፣ "ሁሉንም ጠይቅ"

ይሄኛው ሐሳቡ ከፈላስፋዎቹ ከነ ካንትና ከነ ጆን ስቱዋርት ሚል የመጣ ነው፣ ሰው የራሱን ሕይወት ራሱ መርጦ መኖር አለበት፣ ለመምረጥ ደግሞ የቤቱን እምነት ትንሽ ራቅ ብሎ ማየት መቻል አለበት ይላል። ጥያቄ ቁጥር 4 እዚህ ጋ "ጠዋት የምትጸልየው ለምንድነው? ቤተሰብህ ስላሉህ ነው ወይስ አስበህበት?" ይሆናል። ሁለተኛው መመዘኛ ላይ አንደኛ ነው፣ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ልጅ ማንም እንደፈለገ አይነዳውም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ቤቴ ውስጥ ልጄን የማሳድገው እንደዚህ ነው። ግን የኔ ቤት የኔ ነው። ክፍል ውስጥ ለ9 ዓመት ልጅ እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቁ ማታ እናቱ ጋ ሄዶ ምን እንደሚላት አስቡት። እምነትን መጠርጠር ራሱ አንድ የሕይወት አቋም ነው፣ አማትብ ከማለት በቅርጹ አይለይም፣ ኤክሱ አሁን ሁሉም አማኝ ወረቀት ላይ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

4. ፖለቲካዊ ሊበራሊዝም

ስሙ ያስፈራል፣ ፓርቲ ይመስላል፣ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1993 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፋው ሐሳብ ነው። በአጭሩ፣ ነፃ በሆነ ሀገር ሰዎች ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጥሩ ሕይወት፣ ስለ ሞት አንድ ዓይነት አያስቡም፣ ወደፊትም አያስቡም፣ ይሄ ደሞ በሽታ አይደለም፣ የነፃነት ውጤት ነው። ስለዚህ መንግሥት ሊበራሊዝምን ራሱ እንደ ሃይማኖት አይስበክ፣ አብረን የምንኖርባቸውን ደንቦች ብቻ ይያዝ፣ ደንቦቹን እያንዳንዱ ሰው ከራሱ እምነት ተነስቶ ይደግፋቸው።

እኔ የገባኝ በእድር ነው። የኛ ሰፈር እድር ውስጥ ሼኩም አሉ፣ ቄሱም አሉ፣ ፓስተሩም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ መዋጮ ይከፈላል፣ የቀረ ይቀጣል። ለምን ትቀብራለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ አንዱ ለጽድቅ፣ አንዱ ለአጅር፣ አንዱ ነገ እኔንም ይቀብሩኛል ብሎ ነው። ደንቡ ግን አንድ ነው፣ ስብሰባ ላይ ደንብ ይቀየር የሚል ሰው ደግሞ "ቅዱስ መጽሐፍ እንዲህ ስለሚል" ብሎ ብቻ አያሸንፍም፣ ለሌላውም የሚገባ ምክንያት ማምጣት አለበት። ሮልስ እድር አያውቅም እንጂ ቢያውቅ ብዙ ገጽ ይቆጥብ ነበር።

ወደ ክፍል ሲመጣ ሮልስ የሚጠይቀው ትንሽ ነው፣ ልጁ ሕገ መንግሥታዊ መብቶቹን ይወቅ፣ ለምሳሌ የህሊና ነፃነት እንዳለና እምነት መቀየር በሕግ ወንጀል እንዳልሆነ፣ ራሱን ችሎ ለመኖር የሚያበቃ ዕውቀት ይያዝ፣ ከሌላው ጋር በፍትሃዊነት መሥራትን ይልመድ። ከዛ ያለፈው የቤተሰብ ነው። ጥያቄ ቁጥር 4 እዚህ ጋ ሲታረም እንዲህ ይሆናል፣ "ጓደኛህ ጠዋት የሚያደርገው አንተ ከምታደርገው ቢለይ ክፍል ውስጥ እንዴት ትከባበራላችሁ?" ለዚህ ቢስሚላህ የሚለውም የሚያማትበውም ሙሉ ማርክ ማግኘት ይችላል።

ክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራል ለሚለው ጀርመኖቹ ጥሩ ነገር አላቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. ቦይተልስባኽ በሚባል ቦታ የፖለቲካ ትምህርት ሰዎቻቸው ተሰብስበው፣ ግራውም ቀኙም፣ ሦስት ነገር ላይ ተስማሙ። አስተማሪ የራሱን አቋም ተማሪው ላይ አይጭንም፣ በሀገር ደረጃ የሚያከራክር ነገር በክፍልም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቀርባል፣ ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ መሳተፍ እንዲችል ይደረጋል። ከናዚ በኋላ የመጣ ሕዝብ ስለሆነ አስተማሪ ሲሰብክ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ምኒልክ ጀግና ናቸው ወይስ ወራሪ የሚለውን በዚህ መንገድ ማስተማር ይቻላል፣ ሁለቱንም ወገን በደንብ አድርጎ፣ ልጆቹ ቦታ ተቀያይረው እንዲከራከሩ አድርጎ። ከባድ ነው፣ ግን አሁን ከሚደረገው፣ ወይ ዝም ከማለት ወይ አንዱን ከመጫን፣ ይሻላል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን አማራጭ "ገለልተኛ" እያለ ይሸጠዋል። ገለልተኛ አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻን እንውሰድ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ይላል። ይሄ ክፍል "አያቶችሽ ኋላቀር ናቸው" አይልም፣ ሕጉ 18 ነው፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ፣ የምታመለክቺው እዚህ ጋ ነው ይላል። በጨዋ ቋንቋ ነው፣ ግን የሰማችው ልጅ ቤቷ ስትገባ የድሮዋ ልጅ አይደለችም። ሮልስም ይሄን ደብቆ አላለፈም፣ ትምህርቱ አንዳንድ ቤተሰብ የማይፈልገውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፣ በቅሬታም ቢሆን መቀበል ሊኖርብን ነው ይላል። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ አጥባቂ ክርስቲያን ወላጆች የንባብ መጽሐፉ ብዙ ዓይነት እምነት ስለሚያሳይ ብቻ ልጆቻችንን ይጎዳል ብለው ከሰው ነበር፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሌላ ሐሳብ ማየት በራሱ እምነትን መጣስ አይደለም ብሎ ፈረደባቸው። እኔ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነኝ፣ የወላጆቹ ፍርሃት ግን ቅዠት ነው አልልም።

ሁለተኛው ጉድለት አስተማሪው ነው። "ቲቸር፣ እርሶስ የማን ደጋፊ ኖት?" ሲባል ምን ይላል? ምላሱን መያዝ የሚችል አስተማሪ ከፊዚክስ አስተማሪ በላይ ብርቅ ነው።

5. ሁሉም በየራሱ

አባትየው ያሉት ነው፣ ለየእምነቱ የየራሱ ትምህርት ቤት። ኔዘርላንድ ይሄን ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕገ መንግሥቷ ይዛዋለች፣ የካቶሊክም የፕሮቴስታንትም ትምህርት ቤት እንደ መንግሥት ትምህርት ቤት እኩል በጀት ያገኛል፣ የሙስሊሞችም በኋላ መጥተው በዚሁ ይሠራሉ። ግን እነሱም የጋራ የዜግነት ትምህርት የግድ ነው የሚል ሕግ ላዩ ላይ ጨምረዋል። እኛጋ የቤተ ክርስቲያንና የመድረሳ ትምህርት ከመደበኛው በፊት የነበረ ነው፣ እንግዳ አይደለም።

ከትምህርት ቤቱ ሳይወጡ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ መውጣትም የዚህ ዘር ነው። ከዚህ ያለፈም አለ፣ አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩት የአሚሽ ክርስቲያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ እንዳይልኩ ተፈቅዶላቸዋል፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አንዱ ዳግላስ ግን "ልጆቹንስ ማን ጠየቃቸው?" ዓይነት ሐሳብ አንስተው ነበር፣ እኔ እስካሁን ለዚህ ጥሩ መልስ አላገኘሁም። ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንጎመሪ ካውንቲ የሆነውን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ ያለባቸውን የልጆች መጻሕፍት በተመለከተ ሙስሊሞችና የኛ ኦርቶዶክሶች ጎን ለጎን ሰልፍ ወጥተዋል፣ ወላጆች ከሰውም ነበር፣ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለወላጆቹ ወስኖ ክሱ እስኪያልቅ ትምህርት ቤቶቹ አስቀድመው ያሳውቁ፣ ልጆቹም መውጣት ይችሉ አለ።

ጥያቄ ቁጥር 4 እዚህ ችግር አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አማታቢ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፣ ልጁ ቢስሚላህ የምትል ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው።

ባጭሩ

| አማራጭ | ጥያቄ ቁጥር 4 | መብቱን ማወቅ | መንግሥት ሲቀየር | ለአስተማሪው |
|---|---|---|---|---|
| ግብረ ገብ | በአስተማሪው ይወሰናል | ደካማ | ይተርፋል | ቀላል |
| የመንግሥት ዝርዝር | መካከለኛ | ወረቀት ላይ አለ | አይተርፍም | በጣም ቀላል |
| ሙሉ ሊበራሊዝም | አማኙን ያስቀይማል | በጣም ጥሩ | አጠራጣሪ | በጣም ከባድ |
| ፖለቲካዊ ሊበራሊዝም | ጥሩ | ጥሩ | የተሻለ ዕድል አለው | ከባድ |
| ሁሉም በየራሱ | ጥያቄው አይነሳም | እንደ ቤቱ | ይተርፋል | ቀላል፣ ለወላጅ ውድ |

ለማን የቱ

ተማሪው የተቀላቀለበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ አብዛኞቻችን እዛ ነን፣ እስከ 6ኛ ግብረ ገብን ያዙ ግን "ለምን" የሚለውን ለቤት ተዉት፣ ከ7ኛ በላይ ወደ አራተኛው ግቡ። ብር ከሌለ መጽሐፍ መቀየር አያስፈልግም፣ ያለውን የዜግነት መጽሐፍ ይዛችሁ በሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜ ክርክር አድርጉት፣ ወጪው ፎቶ ኮፒ ነው። ትንሽ ብር ካለ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን አስተማሪው ላይ አውጡት፣ በተለይ የፈተና ጥያቄዎችን ከመታተማቸው በፊት የሌላ እምነት ባልደረባ እንዲያነባቸው አድርጉ፣ ይሄ በነፃ ነው፣ ጥያቄ ቁጥር 4ን ብቻውን ያስቀር ነበር።

60 እና ከዛ በላይ ልጅ ያለበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሙሉ ክርክር አይሞክር፣ ወደ ጩኸት ይቀየራል። በቡድን 6 ልጅ፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለቱንም ወገን ጽፈው ያምጡ። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ያላችሁ ደግሞ እምነታችሁን አስተምሩ፣ መብታችሁ ነው፣ ግን ከሌላው ሰፈር ትምህርት ቤት ጋር የጋራ ነገር ፍጠሩ፣ ኳስም ቢሆን።

ውጭ ያላችሁ ወላጆች፣ የመውጣት መብቱን ባገኛችሁት ነገር ሁሉ ላይ አትጠቀሙበት። መጀመሪያ መጽሐፉን ራሳችሁ አንብቡት፣ በቫይበር የተላከላችሁን ስክሪንሾት አይደለም። እና ልጃችሁን የምታስወጡት ምን ስለሚማር እንደሆነ ለልጁ መንገር ካልቻላችሁ ቆም በሉ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ቁርኣኑ የሚሠራውን ሥራ የክፍል በር መዝጋት አይሠራውም።

ሦስተኛውን አማራጭ ለማንም ትምህርት ቤት አልመከርኩም፣ እራት ላይ ግን ሞክሩት።

የኛ ትምህርት ቤት ነገር እንዲህ ሆነ፣ ይሄን አንብቤላቸው ዳይሬክተሩ "ጥሩ ጥናት ነው" ብለው ፋይል ውስጥ አስገቡት። አስተማሪዋ ግን ያቺን እናት ከስብሰባው በኋላ በረንዳው ላይ አግኝታት ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ፣ በዛው በቀይ እስክሪብቶ ኤክሱን ሰርዛ ራይት አድርጋበታለች፣ ማርኩም ከ8 ወደ 9 ሆኗል።